አርባ ሦስት ቤት፣ ስድስት ወንበር

ሰኞ፤ ለጉባኤው 60 ቀን ሲቀር

ዛሬ በመሥሪያ ቤታችን ኮሪደር ላይ የቀን መቁጠሪያ ሰሌዳ ተሰቀለ። «ድህነትን ለማጥፋት 60 ቀን ቀረ» ይላል። «ለማጥፋት በሚደረገው ጉባኤ» ሊባል ነበር፤ ቦታው አልበቃ ሲል ጉባኤው ወጣ። ሻይ የምታፈላልን ሴትዮ ትሪዋን ይዛ ቆማ አነበበችውና «እሰይ፣ ስልሳ ቀንማ ምን አላት፣ እችላለሁ» አለች። እኔ ሳቅሁ። ስቄ ከጨረስኩ በኋላ ነው እሷ እንዳልሳቀች ያየሁት።

ይህን ደብተር የጀመርኩት ለታሪክ ነው። አንድ ቀን «በዚያች አገር ድህነት እንዴት ጠፋ?» ተብሎ ሲጠየቅ አሥሩን ጥያቄ ማን እንደጻፈ ይታወቅ። እኔ ነኝ። አንድ ገጽ ካርድ ናት። አሥር ነገር ታይቶ ነጥብ ይሰጣል፦ ጣሪያ፣ ወለል፣ ፍራሽ፣ ወንበር፣ ሬዲዮ፣ ወዘተ። ከሠላሳ ነጥብ በታች ያገኘ ቤተሰብ «እጅግ ድሃ» ይባልና በየወሩ ድጎማ ያገኛል። ሠላሳ የሞላ ራሱን ይቻል። የካርዷ ውበት ግን ሌላ ነው፤ ከሰው ብዛት በቀር ማንም ምንም አይጠየቅም። ቆጣሪው ይገባል፣ ያያል፣ ይጽፋል፣ ፎቶ አንስቶ ይወጣል። «ሰው ይዋሻል፣ ዕቃ አይዋሽም» የሚለው የእኔ አባባል በመመሪያው ሽፋን ላይ በትልቁ ታትሟል። ስሜ አልታተመም። ይሁን።

ዳይሬክተራችን ካርዷን አይቶ «እንከን የለሽ!» አለ። ለማንኛውም ነገር ይህንኑ ስለሚል እኛም ከጀርባው እንከን የለሽ እንለዋለን።

ቤት ስገባ ባለቤቴ የልብስ ክምር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። የቤት ሠራተኛችን ከሄደች ወር ሆናት። «የአገሩን ድህነት ስታጠፋ የዚህን ቤት ልብስ ማን እንደሚያጥበው በካርድህ ላይ አለ?» አለችኝ። የለም አልኩ። እውነቴን ነው፣ የለም።

ሐሙስ፤ 57 ቀን

የገንዘብ ስብሰባ። ከጠዋት እስከ ምሳ፣ ከምሳ እስከ ሻይ።

የበጀት ክፍል ኃላፊዋ ነገሩን በአጭሩ አስቀመጠችው፤ አሁን ባለን ገንዘብ ድጎማው የሚደርሰው ለድሃው ግማሽ ነው። አበዳሪዎቹ የላኩት አማካሪ በአስተርጓሚ «ክፍተቱን ከየት ትሞላላችሁ?» አለ። ኃላፊዋ «ባለ ፎቅና ባለ መሬት የሆነው ሁሉ በትክክል ግብር ቢከፍል ይሞላል» ስትል አዳራሹ ጸጥ አለ። ሁሉም ስልኩን አወጣ። እኔም አወጣሁ፣ ምንም ባይኖርበትም። ቀጥላ ስለ መኪናችንና ስለ ውሎ አበላችን አነሳች። ያኔ ነው ጸጥታው ወደ ቁጣ የተለወጠው።

በመጨረሻ እንከን የለሽ ጉሮሮውን ጠረገና «ገንዘቡን ማብዛት ካልተቻለ እስቲ ሌላኛውን ቁጥር እንየው» አለ።

«የቱን ቁጥር?» አለች ኃላፊዋ።

«የድሃውን። የያዝነው የድሮ ቆጠራ ነው። ሰዉ እኮ ተለውጧል።»

በአዲሱ ካርድ እንደገና ይቆጠር ተባለ። በእኔ ካርድ! በደስታ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

ከመበተናችን በፊት ኃላፊዋ አንድ ነገር ጠየቀች። የመመሪያዬ ገጽ አራት «ተቀጣሪ የቤት ሠራተኛ ከቤተሰቡ ጋር አትቆጠርም» ይላል። «ታዲያ የት ትቆጠራለች?» አለች። ከመጣችበት ቤት ጋር አልኳት። «እዚያ ቤት ማንም ከሌለስ?» እንከን የለሽ ሰዓቱን አየና ስብሰባው አለቀ። ይቺ ሴት ቀዳዳ ሳትፈልግ ውላ አታድርም።

ማክሰኞ፤ 52 ቀን

ቆጠራው የሚጀመርባቸው መንደሮች ወጡ። አንዱ የእኛ ነው። እትዬ ያለችበት።

እናታችን ስትሞት እኔ አራት ዓመቴ ነበር፣ እትዬ አሥራ አምስት። ያጠበችኝ፣ ያጎረሰችኝ፣ ትምህርት ቤት አዝላ ያደረሰችኝ እሷ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት፤ ጉልበቷ ስለታመመ የቀን ሥራ አትችልም። የምትኖረው በድጎማው ነው። መሥሪያ ቤት እህቴ መሆኗን አልተናገርኩም። ለምን እናገራለሁ? ለዘመዱ ነው የሚሠራው ይሉኛል።

በስልክ አገኘኋት። ከመሥሪያ ቤት ሰዎች ይመጣሉ፣ ቤቱን ጠረግ ጠረግ አድርጊ አልኳት። ደስ አላት።

ሌላ ያልኳት ነገር የለም።

ዓርብ፤ 42 ቀን

ፋታ የለም። ካርዶቹ በማዳበሪያ እየገቡ ነው። ምሳ አልበላሁም። እንከን የለሽ በሰዓት ሦስት ጊዜ ይመጣል። የቆጣሪዎቹ አበል ዘገየ። የእንከን የለሽ አበል አልዘገየም። ባለቤቴ ደወለች፤ ሠራተኛ አገኘህ ወይ። አላገኘሁም።

ሐሙስ፤ 36 ቀን

ውጤቱ ወጣ። ድሃው በግማሽ ቀንሷል! እንከን የለሽ አቀፈኝ፤ በዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። ገንዘቡ ለቀረው ድሃ በቅቶ ይተርፋልና ከትራፊው ለጉባኤተኛው የቆዳ ቦርሳ ይሠራ ተባለ። ሰሌዳው አጠገብ ቆመን ፎቶ ተነሳን።

ሻይ አፍይዋ «ይኼን ሁሉ ድሃ ወዴት አደረጋችሁት?» አለችኝ።

«ሀብታም ሆነ።»

«ያድርግላቸው» አለችና ስኳሩን አስቀመጠች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔ የት ነኝ?» አለች። ስልክ አላት፣ ከተማ ነው የምትኖረው፤ በካርዱ ከሠላሳ በላይ ናት። ነገርኳት። «እንኳንም ነገርከኝ» አለች።

ማክሰኞ፤ 31 ቀን

ለጉባኤው አውደ ርዕይ የሚያምሩ ፎቶዎች እንድመርጥ ታዘዝኩ። ከእኛ መንደር ጀመርኩ። ሰው የሚያውቀውን ይመርጣል።

በመጀመሪያው ፎቶ ስድስት ሰማያዊ ወንበሮች ተደርድረዋል። በሁለተኛውም ስድስት ሰማያዊ። ጥሩ አናጺ አላቸው አልኩ። በአምስተኛው ላይ ከወንበሮቹ አንዱ እግሩ ተሰብሮ በቀይ ሽቦ ታስሯል። በስድስተኛውም አንዱ በቀይ ሽቦ ታስሯል። ተነስቼ በሩን ዘጋሁ። ፎቶዎቹን በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። አርባ ሦስት ቤት፣ አንድ ቀይ ሽቦ።

የመጨረሻዋ እትዬ ናት። የክት ቀሚሷን ለብሳ ከወንበሮቹ ጎን ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ልጅ ሆኜ የፈተና ውጤት ይዤ ስገባ የምታሳየኝ ፊት ነው። ነጥቧን አየሁ፤ ሠላሳ አራት። ለወንበር የሚሰጠው ስምንት ነው። ሲቀነስ ሃያ ስድስት። ሦስት ጊዜ ቀነስኩት።

ሾፌራችን ቆጣሪዎቹን ያመላለሰ ነው። ወርጄ ጠየቅሁት።

«የመንደሩ ልብስ ሰፊ ወንበሮች ናቸዋ» አለኝ፣ ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች እንደሚል ሰው። «እንግዳ መጥቶባቸው ምን ያድርጉ ጌታዬ? መሬት ላይ ያስቀምጡን? እኛ ካንዱ ቤት በፊት በር ስንወጣ እነሱ በጓሮ ተሸክመዋቸው ወደሚቀጥለው ይሮጣሉ። አንዴማ ቀድመናቸው ደርሰን፣ ወንበሮቹ እስኪመጡ ደጅ ቆመን ጠበቅን።»

«እና ለምን አልነገራችሁኝም!»

«አይጠየቅ፣ ይታይ ነው የሚለው መመሪያው። አየን።»

ረቡዕ፤ 30 ቀን

ማስታወሻ ጻፍኩ። አንድ ገጽ። ረዘመብኝ፣ ግማሽ ገጽ አደረግሁት። አሁንም ረዘመብኝ፣ በቃል ልነግረው ገባሁ።

እንከን የለሽ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየና ቀና ሳይል «ካርዱን ማን ነው የጻፈው?» አለኝ።

«እኔ።»

«ሰው ይዋሻል፣ ዕቃ አይዋሽም ያለውስ?»

«እሱም እኔ።»

«ስለዚህ ዕቃው አልዋሸም። ቅሬታ ያለው ቅሬታ ማቅረቢያ አለው፣ ያመልክት። ደግሞ» አለና ድምፁን አለሰለሰ፣ «ከጉባኤው በኋላ አዲስ ክፍል ይከፈታል። የድህረ ድህነት ክትትል ክፍል። ኃላፊ ይፈልጋል። ማን እንደሚሆን እንግዲህ…»

ፎቶዎቹን ሰብስቤ ወጣሁ። እሱ ያለው አሠራሩን ነው፣ ትክክል ነው። ሰው ቅሬታ ካለው ያመልክት። ቅጹን የጻፍኩትም እኔ ነኝ። አመልካች እንዲህ ብሎ ይፈርማል፦ «ያሳየሁት ንብረት የእኔ እንዳልነበረና ሆን ብዬ ቆጣሪውን ያታለልኩ መሆኔን አምናለሁ።» ያኔ ሌባ ለመከላከል ነበር።

ሰኞ፤ 18 ቀን

በጉባኤው ላይ «ከድህነት የተመረቀች» አንዲት እናት እንድትናገር ተወሰነ። እንከን የለሽ ፎቶዎቹን ገለባብጦ አንዱን መዘዘ። «ይቺ ትሁን። ፊቷን እየው፣ ኩራቷን! እንከን የለሽ።»

እትዬ ናት።

ያኔ እህቴ ናት ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የበጀት ኃላፊዋ እዚያው ተቀምጣ ነበር፤ የእሷን ዓይን ደግሞ አውቀዋለሁ።

የጉባኤው ዕለት፤ ሰሌዳው 0 ይላል

ብዙ ስለሆነ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጉባኤው በትልቁ ሆቴል ነበር። በር ላይ ሁለት ጠባቂዎች እትዬን አቁመው «እዚህ ልመና አይፈቀድም» አሏት። የተጋበዘች መሆኗ እስኪጣራ ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆማለች። ይህን የነገረኝ ሾፌሩ ነው። እኔ በዚያ ሰዓት የስም መለጠፊያ እያደልኩ ነበር። የሷ መለጠፊያ ላይ «ተመራቂ» ተብሎ ተጽፏል።

ተራዋ ሲደርስ መድረኩ ላይ እያነከሰች ወጣች። ጽፈን የሰጠናት ወረቀት ነበር፤ አጥፋ ጡቷ ውስጥ ከተተችው። «እኔ ንግግር አላውቅም» አለች። «ድህነት የለም ካላችሁ የለም፣ የተማራችሁት እናንተ ናችሁ። እኛ መንደር ግን እንግዳ ቆሞ አያውቅም። ስትመጡ መቀመጫ አላጣችሁም። ነገም ብትመጡ አታጡም። የሚበላ ብናጣ እንኳ መቀመጫ አናጣም።»

አስተርጓሚው በአጭሩ «ድህነት የለም ይላሉ» ብሎ ተረጎመው። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ።

ከዚያ የአበዳሪዎቹ ተወካይ ተነሳ። ባየው ነገር ልቡ መነካቱን ተናገረ። ድሃው በግማሽ ስለቀነሰ እነሱም የሚሰጡትን ገንዘብ በግማሽ ለመቀነስ ወስነዋል፤ ይህም ለእኛ ያላቸውን እምነት ያሳያል አለ። የበጀት ኃላፊዋ ከጎኔ ነበረች። ሳቀች። ሳቋን ለማቆም አፏን በቆዳው ቦርሳ እስክትሸፍን ድረስ። እንከን የለሽ ግን ያጨበጭብ ነበር። ማጨብጨብ ከጀመረ አያቆምም።

በእረፍት ሰዓት እትዬ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ አገኘኋት። ውሃ ይዤላት ሄድኩ። እንከን የለሽና አማካሪው ሁለት እርምጃ ላይ ናቸው። እነሱን አየች፣ እኔን አየች። በሁለት እጇ ብርጭቆውን ተቀበለችና ጎንበስ ብላ «እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ፣ እርስዎ አይቸገሩ» አለችኝ።

እርስዎ አለችኝ። አፍንጫዬን እየጠረገች ያሳደገችኝ እህቴ። ሳልነግራት፣ ሳለምናት ገባት። እኔም «ምንም አይደለም እናቴ» ብዬ ሄድኩ። ምን ልበል ነበር? እዚያ ሁሉ ሰው መሃል?

የምስክር ወረቀት ሰጧት። በመስተዋት የታሰረ። መስተዋት ያለው ፍሬም በካርዱ ላይ ሁለት ነጥብ አለው፤ አሁን ነው ትዝ ያለኝ።

እሑድ፤ ጉባኤው ካለፈ 16 ቀን

የቅሬታ ጊዜው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀር ቅጹን ይዤ ወደ መንደር ወረድኩ። ይህን ማድረግ አልነበረብኝም፤ ግን አደረግሁ። ይህ ይመዝገብልኝ።

ስገባ አንድ ሰማያዊ ወንበር ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። ቀይ ሽቦው ያለበት አይደለም፣ ደህናው ነው። እሷ መሬት ላይ ተቀመጠች። ቅጹን አነበብኩላት።

«ሆን ብዬ ያታለልኩ ብዬ ልፈርም?»

«ወረቀት ነው እኮ እትዬ። ድጎማው እንዲመለስልሽ ነው።»

«ማንን አታለልኩ? እንግዳ አስቀመጥኩ።» ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገች። «ደግሞስ አንተው አይደለህ እንዴ በስልክ ያልከኝ? ‹የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ናቸው፣ እዚያ ባዶ ቤት አስገብተሽ እንዳታሳፍሪኝ› ያልከኝ? ቃልህን ይዤ ነው ወንበር ልዋስ ወደ ልብስ ሰፊው የሄድኩት። ጎረቤቶቼማ ከእኔ አይተው ነው። የሷ እንግዶች ተቀምጠው የእኛ ሊቆሙ ነው ወይ ብለው።»

እንዲህ ብዬ ነበር? ሊሆን ይችላል። የዚያን ቀን በጣም ተጣድፌ ነበር።

አርባ ሦስቱም ቤት።

አልፈረመችም። በሩ ድረስ ሸኘችኝ። «አንተ ብቻ ሹመትህን ያስፋልህ» አለች። ማን እንደነገራት እንጃ። መኪናው ውስጥ ገብቼ ቅጹን አጣጠፍኩት። ልዋሽ አልፈልግም፣ እፎይ ብያለሁ። ብትፈርም ኖሮ ነገሩ ከእሷ አልፎ ወደ እኔ ይመጣ ነበር።

ሰኞ፤ 31 ቀን ካለፈ

የድህረ ድህነት ክትትል ክፍል ኃላፊ ሆኛለሁ። መስኮት አለኝ። ሰሌዳው ከኮሪደሩ ተነስቶ ለዕቃ ክፍሉ በር ማስደገፊያ ሆኗል። ሻይ አፍይዋ «እንኳን ደስ አለህ» አለችኝ፤ ስኳር ግን አላመጣችልኝም።

ቅዳሜ፤ 50 ቀን ካለፈ

እትዬ የጣሪያዋን ቆርቆሮ ሸጠች። ሰምቼ ደነገጥኩ። ያን ቆርቆሮ ከመጀመሪያ ደሞዜ የገዛሁላት እኔ ነበርኩ።

ያልጠበቅሁት ደግነት ከባለቤቴ መጣ። «ለምን እኛ ጋ አትመጣም?» አለች። «ቤቱ ይበቃል። ልጆቹም አክስታቸውን ይወቁ። ትረፍ እንጂ ሴትዮዋ።» ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሰው አብሮት የሚኖረውን አያውቅም።

ሐሙስ፤ 62 ቀን ካለፈ

እትዬ መጣች። ዕረፍት አድርጊ ብንላት አትሰማም። ገና ሳይነጋ ልብሱን አጥባ ጨርሳ ነበር። ወንበር ስንሰጣት ወጥ ቤት ሄዳ ዱካ ላይ ትቀመጣለች። ልማድ ነው።

ባለቤቴ ለጎረቤታችን በአጥር ላይ «አግኝተናል፣ ተመስገን። ደግሞ የምትታመን» ስትላት ሰማሁ። ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ስለ ሌላ ነገር ይሆናል።

ማክሰኞ፤ 81 ቀን ካለፈ

ዛሬ ቆጠራው ወደ ከተማ ገብቶ የእኛ ቤት ደረሰ። በእኔ ካርድ ልቆጠር ነው ብዬ ከሥራ ቀረሁ፤ እንደ ልጅ ነው የጓጓሁት።

ቆጣሪው ሲያንኳኳ እትዬ ከወጥ ቤት እያነከሰች ወጣች፣ አንድ ወንበር በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ አቀረበችለት። ተቀመጠ። ስምንት ወንበር ቆጠረ። ሬዲዮ፣ ፍራሽ፣ ወለል። የምስክር ወረቀቷም ግድግዳችን ላይ ነው፣ ባለቤቴ ለእንግዳ ታሳየዋለች።

«ስንት ሰው ይኖራል?» አለኝ። ከካርዱ ላይ የሚጠየቀው ይህ ብቻ ነው፤ ሰው እንደ ዕቃ ቆሞ ስለማይጠብቅ።

«እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆች…»

ልቀጥል ነበር። እምላለሁ፣ ልቀጥል ነበር። ቆጣሪው ግን ፈጠነና ወደ እሷ አየ። «እሳቸውስ? የቤተሰብ አባል ናቸው ወይስ ሠራተኛ?» ከዚያ ወደ ካርዱ ግርጌ፣ ወደ ክፍሌ ማኅተም አየ፤ እዚያ ያለው ስም የእኔ መሆኑን ሲያይ መደንገጡ ያስታውቃል።

እትዬ ድንጋጤውን አየች። ልክ ሆቴሉ ውስጥ እንዳየችው። መሥሪያ ቤት ነው ብላ፣ ስሙ ነው ብላ፣ ሹመቱ ነው ብላ።

«ሠራተኛ ነኝ ልጄ» አለችው። «እሳቸው ጌታዬ ናቸው።»

ቆጣሪው እኔን አየ። አፌ ተከፍቶ ነበር። ገጽ አራትን እሱም ያውቃታል፣ እኔም አውቃታለሁ። ጠበቀኝ። በደንብ ጠበቀኝ፣ አላጣደፈኝም። ከዚያ «አራት ሰው» ብሎ ጻፈና ብዕሩን ሰጠኝ። ፈረምኩ።

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ገብቼ የመንደሩን አዲስ የክትትል መዝገብ አወጣሁ። በእትዬ ቤት ትይዩ «በሩ ዝግ፣ ሰው የለም» ይላል። እዚህ የለችም፣ እዚያ የለችም። የበጀት ኃላፊዋ ያኔ ስትጠይቀኝ ስብሰባው ባያልቅ ኖሮ ምን እመልስላት ነበር? እህቴ ከድሃው ቁጥር ወጥታለች፤ የገባችበት ቁጥር የለም። ይህን ያደረገው የእኔ እጅ ነው። እንከን የለሽ ነው።

ማታ ስገባ ቆጣሪው የተቀመጠበት ወንበር ገና ከቦታው አልተመለሰም። «እትዬ፣ እስቲ እዚህ ተቀመጪ» አልኳት። ሁለት ጊዜ አልኳት።

«ኧረ ተወኝ» አለች፣ «ልብሱ ውጭ ነው፣ ዝናብ ሳይመታው ላስገባው።» ወንበሩን አንስታ ከሰባቱ ጋር አስተካክላ አስቀመጠችውና ወጣች።